መውጫ

የቦርከና አሸዋ፣ ክረምት ጥሎት የሄደው፣
በጋሪ ይመጣል፤ ሐዋ ነች የምትነፋው።
ጠጠሩ ለመንገድ፣ ደቃቁ ለእኛ፤
ጨብጣ ታየዋለች፦ የጣቷን አሻራ ከያዘ፣ እሱ ነው ጓደኛ።

ጋሽ አሊጋዝ ሠላሳ ዓመት፣ በዚህ ኮምቦልቻ ብረት ማቅለጫ ቤት፣
ጥግ ጥጉን በመጠቅጠቂያ ሲደልቅ፣ አሸዋ ሲያጠብቅ ኖረበት።
አንድ ትከሻው ወርዷል፣ ሌላው እንደ ድሮው ነው፤
ሸሚዝ የሚሰፋለት ይመር ብቻ ነው ልኩን የሚያውቀው።

ዘንድሮ ኮምፕረሰር መጣ።
እርጉዝ በሬ ቢኖር፣ እሱን ይመስላል፤
ቀይ ነው፤ ያገሳል፤ ስድስት ባር ሲሞላ ዝም ይላል።
ኢንጂነሩም አለ፦ «ከእንግዲህ ክንድዎን ያሳርፉ፤
አሸዋውን አየር ያደርሰዋል፤ እርስዎ ግድግዳውን ይደገፉ።»
ሽማግሌው ቃል አልወጣውም። መጠቅጠቂያውን
አስደገፈ ከግድግዳው፣ በራሱ ፈንታ እሱን።

ሣጥኑ ሁለት ብረት ነው፤ እንደ ባቄላ እሸት ቅርፊት ይገጥማል፤
ውስጡ እንደ ክርን የታጠፈ ባዶ፤ ያ ባዶ በአሸዋ ይሞላል።
ለሐርቡ ሽንኩርት የሚሄድ የውሃ ፓምፕ ነው የምንሠራው፤
ውሃ የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድሞ አሸዋ ነው የሚይዘው።
«ልብ» እንለዋለን። ብረቱን አቅልጠን ዙሪያውን ስናፈስበት
ልቡ ይታገሣል፤ ኋላ ተፈርፍሮ ይወጣል፣ ሌላው እንዲያልፍበት።

ሐዋ እጀታውን ሳበች።
ጧ!
ከዓይን ጥቅሻ ያነሰች ጊዜ።
የሠላሳ ዓመት ትከሻ
በአንድ ትንፋሽ።

ሣጥኑ ተከፈተ። ክርኑ ጎደሎ ነው፤ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል።
ኢንጂነሩ መለኪያውን አይቶ፣ «ግፊት አንሶት ነው» ብሏል።
ሰባት ባር። ጎደሎ።
ስምንት። ሣጥኑ በመጋጠሚያው አሸዋ ተፍቶ
የሐዋን ዓይን አቃጠለ፤ ክርኑ ግን ጦሙን ቀረ፣ አፉን ከፍቶ።

ያኔ ጋሽ አሊጋዝ ተነሣ። ሣጥኑን ጉልበቱ መሃል አኑሮ
እንደ ሐኪም በጣቱ ጀርባ መታው፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ አቀርቅሮ።
«አየሩስ» አለ፣ «በየት በኩል ይውጣ?»
«እኛ የምንፈልገው እንዲገባ ነው» አለ ኢንጂነሩ፣ ሳቁ ሊመጣ።
«ልጄ፣ ቤቱ ሙሉ ነው። እንግዳ አስገብተህ በር ከዘጋህበት
ለሚከተለው ምን ቦታ አለ? አሸዋው ደጅ ቆሞ ነው፣ የምትገፋበት።»

ከክርኑ ሥር፣ ከፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ነበሩ፤
በዘይትና በደቃቅ አሸዋ ተደፍነው የታወሩ።
ሐዋ ከሻሿ ስፒል ነቀለች፤
አንድ በአንድ ወጋቻቸው፣ እፍ አለች፣ በጉርዷ ጠረገች።
«አብሽር» አላት።
ስድስት ባር።

ጧ! ከዚያም ቀጭን ፉጨት፣ የሐረጎ ነፋስ በሌሊት
የመስኮት ቀዳዳ ሲያገኝ እንደሚለው ዓይነት።
አየሩ ወጣ፣ አሸዋው ቀረ።
ልቡ ሙሉ ነበር። ጥፍር አይገባውም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ይፍታው፤ እኛ ጋ ሰሙ አሸዋ ነው፣
ወርቁ ግን ብረቱ አይደለም፤ መካከሉ ያለው ባዶ ነው።

የዚያን ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ጋሽ አሊጋዝ አንድ ነገር ተናገረ።
እዚህ አልጽፈውም። ብቻ ረጅም ዘመን ጠቅጥቆት ነበረ።
ማንም አልመለሰለት፤ ሐዋ ውሃ ቀዳችለት።

መጠቅጠቂያው ዛሬም ከግድግዳው እንደተደገፈ ነው፤
ስፒሉ ከሣጥኑ ጎን፣ በማግኔት የተንጠለጠለው።
ሐዋ ሌላ አልገዛችም። ነፋስ ሲነሣ ሻሿ ይንሸራተታል፤
በአንድ እጇ ትይዘዋለች፣
በሌላው ትስባለች።